ቺኑክን አትክሰሱት

«ካልጋሪ ነው፣ ተወው።»

የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ጠጠር ያረፈበት ሀበሻ ወዳጁን ሲያማክር የሚያገኘው ምክር ይኸው ነው። ቡና ላይም ሆነ ታክሲ ተራ ላይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ሲጨዋወትም ፍርዱ አይለወጥም፦ እዚህ ከተማ መስታወት መሰንጠቁ አይቀርም፣ ቢቀየርም ተመልሶ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ገንዘብህን አታባክን። ከዚያ ጥር ላይ ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ ይነፍሳል፤ ያቺ የከረመች ነጥብ በአንድ ማለዳ ከዳር እስከ ዳር ትሮጣለች፤ ባለመኪናውም «ምንም ሳይነካው አየሩ ሰነጠቀው» ብሎ ያወራል። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል። ክሱ በአየሩ ላይ ተመሥርቶ ፋይሉ ይዘጋል።

ክሱ የወደቀው በተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ነው ባይ ነኝ። አየሩ ምንም አያደርግም አልልም። ግን በዚያ ሌሊት ውጭ ያደሩትን መኪኖች ሁሉ ያው ነፋስ ነፍሶባቸዋል፣ ያው ብርድ ቀዝቅዟቸዋል። ጠዋት ላይ የተሰነጠቀው የማን መስታወት ነው? ፓርኪንግ ውስጥ ቆማችሁ መኪኖቹን በተራ ተመልከቱ። ረጅም ስንጥቅ ስታገኙ በጣታችሁ ተከትላችሁ ወደ መነሻው ተመለሱ። ከስንት አንዱ ካልሆነ በቀር ጣታችሁ የሚያርፈው ትንሽ ኮከብ በመሰለች፣ መሐሏ በደቀቀ፣ ዙሪያዋ አፈር በጠቆረባት ነጥብ ላይ ነው። እዚህ ያለነው ሰዎች ቺፕ የምንላት ያቺው ናት። ስንጥቁ ከጠርዝ የተነሳ ከሆነ ደግሞ መስታወቱ ሲገጠም ጠርዙ ተነክቶ፣ ወይም ጠጠር ጠርዝ ላይ አርፎ ሊሆን ይችላል። በነሐሴ ወይም በጥቅምት የቆሰለውን ጥር አገኘው።

መስታወት በምን እንደሚሰበር ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ የመስኮት መስታወት ያስቆረጠ ሰው አይቶታል። ባለሙያው ሰፊውን መስታወት ጠረጴዛ ላይ ያጋድማል፣ ማስመሪያውን ያስደግፋል፣ ትንሿን መቁረጫ አንድ ጊዜ ብቻ «ጭርርር» አድርጎ ያስኬዳታል። እስካሁን የተቆረጠ ነገር የለም፤ ያለው በዓይን በጭንቅ የምትታይ ጭረት ናት። ከዚያ ጭረቷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያስተካክልና በሁለት እጁ ጫን ያደርጋል። ቀጭ! መስታወቱ በመስመሯ ለሁለት ይከፈላል። ያለ ጭረቷ ያንኑ መስታወት በዚያው ጉልበት ቢጫነው ወይ አይሰበርም፣ ወይ የሚሰበረው ባላሰበው በኩል ነው። ሙያው በሙሉ የቆመው በዚህች ቁስል ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር ያስቀመጠው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን አርኖልድ ግሪፊዝ ነው። ፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ በ1921 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናቱ፣ መስታወትን እያቀለጠ ክር አድርጎ ሳበውና ጎትቶ በጠሰው። ከፀጉር በብዙ የቀጠነው ክር፣ ስፋቱ ታስቦ ሲሰላ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ዘንግ 20 እጥፍ ያህል የበለጠ ጉልበት ቻለ። መስታወቱ ያው መስታወት ነው፤ በቀጭኑ ክር ላይ ግን ትልቅ ጭረት የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ግሪፊዝ ከዚህ ተነስቶ ያወጣው ሕግ ለመኪና ባለቤት በቀጥታ ይናገራል፦ ስንጥቁ አራት እጥፍ ሲረዝም፣ ለመቀጠል የሚያስፈልገው ጫና በግማሽ ይቀንሳል። ባደገ ቁጥር ለማደግ እየቀለለው ይሄዳል ማለት ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር የነበረች የቺፕ እግር ስምንት ሚሊ ሜትር ስትደርስ፣ ድሮ የማይነቀንቃት የጠዋት ብርድ አሁን ይበቃታል።

«ስንት ወር ዝም ብላ ከረመች፣ ምን ትሆናለች» የሚለው መከራከሪያ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ቺፕ ዝም አትልም። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ተመራማሪ ሼልደን ዊደርሆርን እርጥበት የመስታወትን ስንጥቅ እንዴት እንደሚያስኬደው በጥንቃቄ ለካ። የውሃ ሞለኪውል እስከ ስንጥቁ ጫፍ ድረስ ትገባና፣ ሲሊኮንና ኦክስጅን ተያይዘው መስታወቱን መስታወት ያደረጉበትን ሰንሰለት አንድ በአንድ ትበጥሳለች። ደረቅ መስታወት የሚችለውን ጫና እርጥቡ አይችለውም፤ ስንጥቁ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ይሳባል። ካልጋሪ ውስጥ በክረምት መስታወት ላይ የሚያርፈውን ቁጠሩት፦ የሚቀልጥ በረዶ፣ መስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ፣ የፊተኛው መኪና የሚረጨው ጨዋማ ጭቃ። ማታ ሲሆን ቺፗ ውስጥ የገባው ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ባለቤቱ ተኝቷል፣ ቺፗ ግን ሥራ ላይ ናት።

አሁን ወደ ተከሳሹ ነፋስ እንምጣ። ካልጋሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,045 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ናት። ከፓስፊክ በኩል የሚመጣው አየር ተራራውን ሲወጣ እርጥበቱን ያራግፋል፣ ወዲህ ሲወርድ ደግሞ እየተጨመቀ ይሞቃል። ከዜሮ በታች 20 ላይ ያደረ ከተማ በማግስቱ ከዜሮ በላይ ሆኖ ጃኬቱን ሊያወልቅ ይችላል። ይህ ለመስታወት ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ነፋሱ መኪናውን በሙሉ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ነው የሚያሞቀው። መስታወት የሚጨነቀው ደግሞ በሙቀቱ መጠን አይደለም፤ አንዱ ክፍሉ ሞቆ ሌላው ሲቀዘቅዝ ነው። ይህን ልዩነት ከማንም በላይ የምንፈጥረው እኛው ነን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መኪናውን አስነስተን ዲፍሮስቱን እስከ መጨረሻው እንከፍተዋለን። የውስጡ ፊት ሞቆ ሊሰፋ ይጀምራል፤ የውጭው ገና በረዶ ተጋግሮበታል። የሰፋው ያልሰፋውን ይጎትተዋል። ቺፗ ያለችውም በሚጎተተው፣ በውጭው ፊት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የ30 ዲግሪ ልዩነት ሲፈጠር ሊመጣ የሚችለው መጎተት እስከ 19 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ በካሬ ሳንቲም ሜትር 190 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። ጤነኛ መስታወት ይህን ይሸከማል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ጫናውን በሙሉ ሰብስቦ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ነው የሚያሳርፈው። አዲስ መጤ ወንድሞቻችን አንዳንዴ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይዘው ሲወጡ ይታያል፤ ስለዚያ ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ አንድ ጊዜ ያደረገው ሰው አይደግመውም።

የተቃራኒዬን ክርክር ግን በሚገባው ክብር ልየው፤ ባዶ አይደለምና። ታክሲ ሲነዱ ያረጁ አንድ አባት «የኔ ልጅ፣ በኅዳር አዲስ መስታወት የሚያስገባ ሰው ለጠጠር ግብር እየከፈለ ነው» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ረጅም ስንጥቅ ያለበት፣ ግን እይታን የማይከለክል መስታወት ያለው ሰው፣ መንገድ ላይ ጠጠር የሚበተንበት ወራት እስኪያልፍ ቢታገሥ ሒሳቡ ያዋጣዋል። አዲሱ መስታወት ብዙ መቶ ዶላር ነው። ከኋላው የመንገዱን መስመር የሚያነብ ካሜራ ያለበት ዘመናዊ መኪና ከሆነ ደግሞ ካሜራው እንደገና መስተካከል ስላለበት ዋጋው ከ1,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ይህን ከፍሎ በወሩ ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ ሌላ ጠጠር መቀበል ያናድዳል።

ስህተቱ ያለው ግን ይህ ምክር ከቦታው ተነስቶ የት እንደሄደ ላይ ነው። አባታችን ያወሩት ስለ መቀየር ነው። ሰሚዎቻቸው ለመጠገንም አደረጉት። «በክረምት መስታወት አትቀይር» የሚለው ጥሩ ምክር፣ አፍ ለአፍ ሲዞር «በክረምት መስታወት አትንካ» ሆኖ አረፈው። የመጀመሪያው ገንዘብ ያድናል፣ ሁለተኛው ገንዘብ ያስከፍላል፤ ሁለቱን የሚናገረው ሰው ግን ያው፣ በዚያው በሚተማመን ድምፅ ነው። የአንዲት ቺፕ ጥገና ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ነው። ሌላ ጠጠር ነገ ቢመጣም የዛሬዋ ቺፕ መጠገኗ ከንቱ አይሆንም፤ እያንዳንዷ ራሷን የቻለች የስንጥቅ ዘር ናትና።

ጥገናው ምን እንደሆነ ያላየ ብዙ ሰው ስላለ ልዘርዝረው። ባለሙያው ቺፗን በጥንቃቄ ያጸዳል፣ የደቀቀውን ብናኝ ያወጣል። ከዚያ በመምጠጫ መስታወቱ ላይ የምትጣበቅ ትንሽ መሣሪያ ይተክላል፤ በመሣሪያዋ መሐል ያለችው ቱቦ በቺፗ አፍ ላይ ትገጥማለች። መጀመሪያ ከውስጥ ያለውን አየር ይስባል፣ ቀጥሎ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ሙጫ በግፊት ያስገባል፣ እንደገና ይስባል፣ እንደገና ይገፋል። ቀስ በቀስ የኮከቧ እግሮች አንድ በአንድ ሲሞሉና ከዓይን ሲጠፉ ይታያሉ፤ ሬዚኑ ብርሃንን የሚያሳልፍበት መንገድ ከመስታወቱ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ከዚያ በአልትራቫዮሌት መብራት ያደርቀዋል፣ የተረፈውን በምላጭ ይልገዋል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሬዚኑ የስንጥቁን ሁለት ፊቶች አያይዞ ይይዛቸዋል፤ ጫናው ስንጥቁ ጫፍ ላይ መከማቸቱን ያቆማል፤ ውሃም መግቢያ ያጣል። ለዚህ ሁሉ ግን ቺፗ ንጹሕ መሆን አለባት። ሦስት ወር ጨውና ጭቃ የጠጣች ቺፕ ሬዚኑን በደንብ አትቀበልም። «ጸደይ ሲመጣ አስጠግነዋለሁ» የሚል ሰው የሚያቆየው መጠገን የምትችለውን ቺፕ ነው፤ የሚያደርሰው ግን የማትጠገነውን። ዕለቱን መሄድ ካልቻለ፣ መስታወቱ ሲደርቅ በቁራጭ ግልጽ ፕላስተር ይሸፍናት። ጥፍር ቀለምና ሱፐር ግሉ እቤት ይቆዩ። ሉኒ ከሚባለው የአንድ ዶላር ሳንቲም ያነሰች፣ ከጠርዝ የራቀች፣ በአሽከርካሪው ዓይን ፊት ለፊት ያልሆነች ቺፕ በአብዛኛው ትድናለች።

ጭረትስ? እዚህ ላይ መስታወት ቤቶችም ያጋንናሉ፣ ሀበሻም ያቃልላል። ያረጀ ዋይፐር አሸዋ ይዞ ሲመላለስ የሚጥላቸው ቀጫጭን ቅስት መስመሮች ከላይ ከላይ ናቸው፤ እነሱ ብቻቸውን መስታወት ሲሰነጥቁ ማየት ብርቅ ነው። ጥፍር ሲሄድበት የሚይዘው ጭረት ግን ሌላ ነገር ነው። በረዶ ለመፋቅ ቁልፍ፣ የብረት መጥበሻ መገልበጫ፣ ወይም ጫፉ የተሰበረ ስክራፐር ሲጠቀሙ የሚመጣው እንዲህ ያለው ነው፤ መስታወት ቆራጩ በመቁረጫው ከሚያደርገው በዓይነት አይለይም። ቺፕ ደግሞ ጥልቅ ጭረት አጠገብ ስታርፍ መንገድ ተቀዶ ይጠብቃታል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ፣ በታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ በ16ኛው አቬኑ ወደ ምዕራብ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስትገባ እያንዳንዷ ጭረት ብርሃኑን ትበትነዋለች፣ መስታወቱ ነጭ መጋረጃ ይሆናል፣ እግረኛው የሚታየው ዘግይቶ ነው።

ጥፋቱን ወደ ከተማው አስተዳደር የሚወረውሩም አሉ። ለምን ጠጠር ይበትናል? የጨው አቅም ብርዱ ከዜሮ በታች 10ን አልፎ ሲወርድ እየደከመ ይሄዳል፤ ያኔ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጠጠር ነው። በጸደይ ተጠርጎ እስኪነሳ መንገድ ላይ ይቆያል። ይህን ጠልተን መስቀለኛ መንገድ ላይ መንሸራተት አንመርጥም። በእጃችን ያለው ርቀት መጠበቅና ፍጥነት መቀነስ ነው። የግጭት ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት 100 ሲነዱ የሚያገኙትን ጠጠር በ80 ቢያገኙት የምቱ ጉልበት ከሲሦ በላይ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም አውጥቶ የሚሸሽ ሰው፣ እዚህ ሲመጣ ጠጠር የጫነ ገልባጭ ኋላ ተለጥፎ መንዳቱ ይገርመኛል።

ድንጋይ ሆኖ የሚዘንበውን በረዶም የሚያነሱ አይጠፉም፤ «ምን ብትጠግን በረዶው ይጨርሰዋል» ይላሉ። ሰኔ 13 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ፣ ብዙ ሀበሻ በሚኖርበት በኩል፣ የወረደው በረዶ ኢንሹራንሶችን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። ነሐሴ 5 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የመጣው ደግሞ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ። በእነዚያ ቀናት የተጠገነውም ያልተጠገነውም መስታወት ደቅቋል። ግን በእንዲህ ዓይነት ቀን ምክንያት ሌላውን ቀን ሁሉ መተው ሒሳብ አይደለም። ጎርፍ ቤት ይወስዳል ተብሎ የሚያፈስ ጣሪያ አይተውም።

ብዙዎቻችንን የሚያዘናጋን ምናልባት የመስታወቱ ደግነት ይሆናል። የፊት መስታወት እንደ ጎኑ መስታወት አይፈራርስም። እያንዳንዳቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት መስታወቶች ናቸው፣ በመካከላቸው ፒቪቢ የሚባል 0.76 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ተጣብቋል። የሐሳቡ አባት ፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ በ1909 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ የፈለገው ስብርባሪው ፊት ላይ እንዳይዘንብ ነበር። ተሳካለት። እኛ ግን ተሰንጥቆም ቦታው ላይ መቆሙን አይተን ደኅና ነው ብለን ፈረድንለት። መስታወቱ ከመከለል ያለፈ ሥራ አለው። በብዙ መኪኖች የተሳፋሪው ኤርባግ ወደ ላይ ፈንድቶ መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ተሳፋሪው የሚመለሰው። መኪና ሲገለበጥም ጣሪያውን በመደገፍ ድርሻ አለው። ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ መስታወት ለእነዚህ ሥራዎች የታሰበው መስታወት አይደለም።

ሕጉም ለቸልታው አመቻችቶልናል። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በየዓመቱ ምርመራ አልፎ ቦሎውን እዚያው የፊት መስታወት ላይ ይለጥፋል። ካልጋሪ ባለችበት አልበርታ ውስጥ ለግል መኪና እንዲህ ያለ ዓመታዊ ምርመራ የለም። እይታን የሚያውክ ስንጥቅ ቢያስቀጣም፣ ፖሊስ ካላስቆመህ የሚጠይቅህ የለም። የግዴታ ኢንሹራንሱም መስታወትን አይጨምርም፤ ብዙ ሰው የመስታወቱን ሽፋን ወርኃዊ ክፍያ ለመቀነስ ሲል አውልቆታል፤ ያላወለቀውም ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ በፊት ራሱ የሚከፍለውን፣ ሲያይ ክሌም ማድረጉን ይተዋል። ስለዚህ የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ቺፗን በጊዜ ማስጠገን ነበረበት። ታክሲና ኡበር የሚሠሩት ወገኖቻችን ግን ከምርመራ አያመልጡም። «ተወው» የሚለውን ምክር በብዛት የሚሰጡት እነሱ ናቸው፤ የምርመራው ቀን ሲቃረብ፣ ያቺ ከ100 ዶላር በታች ትድን የነበረች ነጥብ ከዳር እስከ ዳር ሄዳ፣ ሙሉ መስታወት ለመግዛት የሚሯሯጡትም እነሱ ናቸው።

አንድ ቅሬታ ቀረ። አስጠግነው የመጡ ሰዎች «ምልክቷ አልጠፋችም፣ ተጭበረበርኩ» ይላሉ። እውነት ነው፣ አትጠፋም፤ በደንብ የተሠራችውም ብትሆን ጎንበስ ብሎ ለሚፈልጋት ደብዘዝ ያለች ነጥብ ሆና ትቀራለች። ገንዘቡ የተከፈለው ስንጥቁ እንዳይሄድ ነው እንጂ ለውበት አይደለም። ነጥቧን ማየት ጨርሶ ያልፈለገ ሙሉ መስታወት ይግዛ፤ ወሩ ኅዳር ከሆነ ግን አስቀድሞ እኒያን ባለታክሲ አባት ያማክር።